የሚጠፋው ቁልፍ፦ አንድሮይድ በኮምፒውተር ላይ ዋይፋይ ለምን እምቢ ይላል?

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይጀምራል። አሮጌ ላፕቶፕ አለ። ዊንዶውስ አልችል ብሎታል፤ እስኪነሣ ድረስ ቡና ይፈላል። ባለቤቱ «አንድሮይድ ቀላል ነው» ሲባል ይሰማና አንድሮይድ ኤክስ86 የተባለውን በፍላሽ ገልብጦ ያስነሣዋል። ስክሪኑ ይመጣል፣ ማውሱ ይሠራል፣ ድምፁም ይሰማል። ከዚያ ዋይፋዩን ሲያበራ ቁልፉ ወደ ቀኝ ይሄድና ወዲያው ተመልሶ ይጠፋል። ሰውየው ሦስት ጊዜ እንደገና ይጭነዋል። በአራተኛው ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

የእሱ አይደለም። ያ ቁልፍ የሚጠፋው ላፕቶፑ በተሠራበት ዘመን በቺፕ ኩባንያዎችና በበጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች መካከል በነበረ ረጅም ጸብ ምክንያት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድሮይድ ለስልክ የተሠራ ነው። የስልክ አምራች የትኛው የዋይፋይ ቺፕ እንደሚገባ አስቀድሞ ያውቃል፤ ድራይቨሩን ከቺፑ ሻጭ ተቀብሎ አብሮ ይሸጠዋል። ኮምፒውተር ግን ሌላ ዓለም ነው። በአንድ የላፕቶፕ ሞዴል ውስጥ እንኳ አንዱ ኢንቴል፣ ሌላው ብሮድኮም ወይም አቴሮስ ሊኖረው ይችላል። በ2009 ታይዋናዊው ቺህ ዌይ ሁዋንግ እና ባልደረባው ዪ ሱን አንድሮይድ ኤክስ86ን ሲጀምሩ በእጃቸው የነበረው የሊነክስ ከርነል ነው። ሊነክስ ከዋይፋይ ጋር የነበረበትን ጣጣም አብረው ወረሱ።

ጣጣው የሚጀምረው ከ2003 አካባቢ ነው። ኢንቴል በዚያ ዓመት ሴንትሪኖን አውጥቶ ዋይፋይ የላፕቶፕ መደበኛ ዕቃ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የቺፕ ኩባንያዎች ድራይቨር የጻፉት ለዊንዶውስ ነበር። ለሊነክስ ድራይቨርም፣ ቺፑ እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ ሰነድም አልሰጡም። ምክንያታቸው «ይህ ሬዲዮ ነው» የሚል ነበር። ቺፑ በየትኛው ሞገድና በምን ያህል ኃይል እንደሚያሰራጭ የሚወስነው ሶፍትዌር ስለሆነ፣ ኮዱ ከተከፈተ ማንም ባልተፈቀደ ሞገድ ሊያሰራጭ ይችላል፤ የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ደግሞ እኛን ይጠይቃል አሉ። ሐሰት አልነበረም። ግን ያው ምክንያት ንድፍን ከተፎካካሪ ለመደበቅም በጣም ይመች ነበር።

በጎ ፈቃደኞቹ ዝም አላሉም። አንዳንዶቹ ኤንዲስራፐር የተባለ ፕሮግራም ሠርተው የዊንዶውሱን ድራይቨር በሊነክስ ውስጥ አስኬዱት፤ የጎረቤት ጋቢ ተውሶ ለቅሶ እንደመሄድ። የኦፐንቢኤስዲው ቴኦ ዴ ራት በተቃራኒው ውስጡ የማይታይ ድራይቨር አላስገባም ብሎ ኩባንያዎቹን በአደባባይ ሞገታቸው።

ከሁሉም የሚደንቀው ግን የብሮድኮም ነው። ሊንክሲስ የተባለው ኩባንያ ታዋቂውን ራውተሩን የሠራው በሊነክስ ላይ ነበር፤ የብሮድኮም ቺፕ ድራይቨርም በውስጡ ተዘግቶ ተቀምጧል። ፕሮግራመሮቹ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን የተዘጋውን ድራይቨር መስመር በመስመር እየፈታ ቺፑ ምን ሲባል ምን እንደሚያደርግ ጻፈ። ሁለተኛው ቡድን ዋናውን ኮድ ሳያይ፣ ያንን ጽሑፍ ብቻ እያነበበ አዲስ ድራይቨር ሠራ። ሁለቱን የለየው አጥር ሕግ ፍራቻ ነው፤ ማንም «ሰርቃችኋል» እንዳይል። ድራይቨሩ በ2006 ሊነክስ ከርነል ውስጥ ገባ። ኩባንያው በአንድ ገጽ ሰነድ ሊያቀልለው ይችል የነበረው ድካም እንደነበር ልብ በሉ።

ከዚያ በሩ ቀስ በቀስ ተከፈተ። አቴሮስ በ2008፣ ብሮድኮም ደግሞ በ2010 ክፍት ድራይቨር አወጡ። ይሁን እንጂ የተከፈተው ግማሹ ነው። ብዙ የዋይፋይ ቺፕ ሲበራ ባዶ ነው፤ ፈርምዌር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ከኮምፒውተሩ ካልተጫነለት አይሠራም። ድራይቨሩ ቢከፈትም ፈርምዌሩ በአብዛኛው ዝግ ሆኖ ቀረ። ለአሮጌዎቹ የብሮድኮም ቺፖች ደግሞ እሱን ለሌላ ማደል እንኳ አልተፈቀደም ነበር፤ ተጠቃሚው ራሱ ከዊንዶውስ ድራይቨር ውስጥ ቆርጦ ማውጣት ነበረበት። ማደል ያልተፈቀደውን ፋይል አንድሮይድ ኤክስ86 ከየት አምጥቶ ያስገባው?

እዚህ ላይ ዘመኖቹን ማስተያየት ነው። ሰዎች አንድሮይድ ልጫንበት የሚሉት ላፕቶፕ አቅሙ የደከመው ነው፤ የደከመው ደግሞ ብዙ ጊዜ በጸቡ ዓመታት የተሠራው ነው። አንድሮይድ በጣም የሚያስፈልገው ማሽን ዋይፋዩ በጣም የሚያስቸግረው ማሽን ሆኖ ተገኘ።

አዲስ ላፕቶፕ ያለውም አላመለጠም። የአንድሮይድ ኤክስ86 ዘጠነኛ ትውልድ የተመሠረተው በከርነል 4.19 ላይ ነው፤ ይህ ከርነል የወጣው በ2018 ነው። ለብዙዎቹ የሪልቴክ አዳዲስ ቺፖች የሚሆኑት ድራይቨሮች ከርነል ውስጥ የገቡት ከ2019 ወዲህ ነው። በገንዘብ የሞከሩትም አልዘለቁም፤ በዚሁ ሥራ ላይ የተመሠረተውን ሪሚክስ ኦኤስ ይዞ የመጣው ጂዴ በ2017 ለተራ ተጠቃሚ መሥራቱን አቆመ።

መፍትሔ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ የሚጀምረው ቺፑን ከመለየት ነው። አንድሮይድ ኤክስ86 ላይ አልት እና ኤፍ1 ሲጫኑ ጥቁሩ የትእዛዝ ስክሪን ይመጣል። እዚያ «ኤልኤስፒሲአይ» የሚለው ትእዛዝ የእያንዳንዱን ቺፕ አምራች በቁጥር ያሳያል። 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው፤ ቁጥሩ ኩባንያው በ1978 ካወጣው ፕሮሰሰር የተወሰደ ነው፣ «ኤክስ86» የሚለው ስምም ከዚያው የመጣ ነው። ቀጥሎ «ዲሜሴጅ» የተባለው ትእዛዝ ከርነሉ የትኛውን የፈርምዌር ፋይል ፈልጎ እንዳጣ በስሙ ይናገራል። ፋይሉ ማደል የተፈቀደ ከሆነ ለሊነክስ ከተሰበሰቡት ፈርምዌሮች መካከል ይገኛል፤ ሲስተም በተባለው ክፍል ሊብ ሥር ባለው የፈርምዌር ፎልደር ገልብጦ ማሽኑን እንደገና ማስነሣት ነው። ለዚህ ግን ሲጫን የሲስተሙ ክፍል እንዲጻፍበት ተፈቅዶ መሆን አለበት፤ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው። ፋይሉ ሳይሆን ድራይቨሩ ራሱ ከሌለ ግን ፋይል መገልበጥ ምንም አይፈይድም፤ አዲስ ከርነል ያለው ሌላ ስሪት መፈለግ ነው።

ጊዜ የሌለው ሰው ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ ኢንተርኔቱን ያጋራል። በዚህ መንገድ የሬዲዮውን ሥራ የሚሠራው ስልኩ ስለሆነ ላፕቶፑ የዋይፋይ ቺፕ ምስጢር አያስፈልገውም፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ገመድ የሰለቸው ደግሞ የአቴሮስ ኤአር9271 ቺፕ ያለባትን ትንሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ ይፈልጋል። ፍጥነቷ ዛሬ የሚያስቀና አይደለም። ግን ከድራይቨሯ አልፎ ፈርምዌሯ ጭምር በ2013 ለሕዝብ የተከፈተላት ከጥቂቶቹ አንዷ ናት።