ከደብረ ዳሞ ጣሪያ እስከ አንገር ሸለቆ
የአገራችን ሠዓሊ መልክዓ ምድርንና የዱር አራዊትን እንዴት እንዳየ

ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው ደጋውን ትቶ ቁልቁል ሲወርድ አየሩ እየሞቀ፣ ሣሩ እየረዘመ፣ ዛፉም እየተራራቀ ይሄዳል። ከታች የሚጠብቀው የአንገር ሸለቆ ነው። አንገር ወደ ዴዴሳ ይገባል፤ ዴዴሳም ወደ ዓባይ። በዚሁ ሸለቆ የምትገኘው አንገር ጉቲን የእርሻና የገበያ ከተማ ናት። ከሁለት ትውልድ በፊት ግን ቆላው በገንዲ በሽታ ምክንያት ከብት የማይበረክትበት፣ ሰው ተራርቆ የሚኖርበት፣ አውሬም የሚበዛበት አገር ነበር። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. መንግሥት ባካሄደው የሠፈራ ፕሮግራም ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በድርቅ ከተጎዱት ክፍላተ አገር ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲዛወር ከፍተኛው ድርሻ የወለጋ ሆነ፤ አንገር ጉቲንም ሠፋሪዎችን ከተቀበሉት ቦታዎች አንዷ ነበረች። ጫካው ተመነጠረ፤ ረጅሙ ሣር በእርሻ ማሳ ተተካ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የምድሩ መልክ ተለወጠ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በምሥራቅ ወለጋ የደረሰው ግጭት ብዙዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል።

ለመሆኑ ያ የቀድሞው መልክ የት ተመዘገበ? ለዚህ ጥያቄ መሐንዲስ የሚሰጠው መልስ አያጣም። የአሜሪካ መንግሥት የመሬት ልማት ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በመተባበር የዓባይን ተፋሰስ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1964 ባቀረበው ሰነድ ውስጥ ፊንጫ፣ ዴዴሳና አንገር በልማት ዕቅድነት ተጠቅሰዋል። የውሃው መጠን ተለክቷል፤ አፈሩ ተመርምሯል፤ ለመስኖ የሚመቸው መሬት በካርታ ላይ ተከልሏል። ይሁን እንጂ የከፍታ መስመር የሸለቆውን ጥልቀት ይናገራል እንጂ ወደ ማታ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በማዶው ገደል ላይ የሚያርፈውን ቀለም አይናገርም። ያ የሠዓሊ ሥራ ነው። የአገራችን ሠዓሊ ደግሞ ወደዚህ ሥራ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ የዘገየበትም ምክንያት የችሎታ ማነስ አይደለም።

እንስሳው ከምድሩ ቀድሞ ነው ወደ ሥዕል የገባው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በለገ ኦዳ የዋሻ ግድግዳ ላይ ከብቶች ተሥለው ይገኛሉ። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ ጣሪያ ላይ በእንጨት የተቀረጹት አንበሳ፣ ዝሆን፣ ሚዳቋና ግመል የማንንም ቅዱስ ታሪክ የሚያጅቡ አይመስሉም፤ እያንዳንዱ በየራሱ አራት ማዕዘን ውስጥ ብቻውን ቆሟል። በአድዋ አቅራቢያ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም የተጠበቁት ወንጌሎች ብራናቸው በራዲዮ ካርቦን ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚወድቅ ሆኖ ተገኝቷል፤ በገጾቻቸውም ላይ በዓምዶቹና በቅስቶቹ አናት ወፎች ተሥለዋል። በላሊበላ የቤተ ማርያም ውስጠኛ ክፍልም እንዲሁ የእንስሳት ሥዕል አለ።

ከዚህ በኋላ እንስሳው የታሪክ አገልጋይ ሆነ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ያለ አንበሶቻቸውና ያለ ነብሮቻቸው፣ ከዓይናቸው እንባ ከምትጠጣው ወፍ ተለይተው የሣለ ሠዓሊ ማግኘት ያስቸግራል። አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ ተራራ የሚያወጣቸው ዘንዶ ነው። ባሕርም ቢሆን በሥዕሉ ውስጥ አልጠፋም፤ አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በዐጽፋቸው ላይ ቆመው ሲሻገሩት ይታያል፤ ፈርዖንም ከነሠራዊቱ ይሰጥምበታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በጣና ደሴቶችና በዘጌ ልሳነ ምድር የሣሉት ሰዎች ሌሊት ጉማሬ ሲያጓራ የሚሰሙ፣ ጧት በታንኳ የሚሻገሩ ነበሩ። ሆኖም ግድግዳው ላይ በጉልህ የሚታየው ውኃ በደጃቸው ያለው ጣና ሳይሆን ያላዩት ቀይ ባሕር ነው። ሥዕሉን ያዘዘው ሰው የፈለገው ሐይቁን አይደለም፤ ሐይቁማ ከበር ላይ ይታያል። የሚፈለገው ምእመናን የማያዩትን እንዲያዩ ነበር። ስለዚህ ከቅዱሱ በስተ ኋላ ያለው መደብ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ወይም ቀይ ቀለም ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ተራራ ካለም ለታሪኩ እስካስፈለገ ድረስ ነው።

መልክዓ ምድርን ለራሱ ሲል የነደፈው እርሳስ ከውጭ መጣ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ አስከትሎ ነበር። ባሉጋኒ የኮሶን ዛፍ፣ ዋጊኖስንና ሌሎችንም ዕፅዋት፣ አእዋፍንም ጭምር በውሃ ቀለም ሣለ፤ ወደ አገሩም ሳይመለስ በጎንደር ሞተ። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ የዚህን ሰው ድርሻ እጅግ አሳንሶ ነው ያቀረበው። ዋጊኖስ በሳይንሳዊ ስሙ የብሩስን ስም ተሸክሞ ሲቀር፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ ቆጥሮ የሣለው ሰው ብዙ ዘመን ተረስቶ ኖረ። ከእርሱ በኋላ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የአክሱምን ሐውልትና የትግራይን ተራሮች ነድፎ እ.ኤ.አ. በ1809 በለንደን በትልልቅ ቅጠሎች አሳተመ። እነዚህ ሥራዎች ለታሪክ ትልቅ ጥቅም አላቸው። ነገር ግን የተሠሩት ለተጓዡ አገር ሰው ነበርና እዚያው ቀሩ፤ የጎንደርና የአድዋ ሕፃን በአገሩ ኮረብታ ላይ የተሣለውን ሥዕል ሳያይ አደገ።

በፖስታ ቴምብርም የሆነው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣው የኢትዮጵያ ቴምብር ቀጭኔን፣ ነብርን፣ ሰጎንን፣ ዝሆንን፣ ጎሽን፣ አንበሳንና አውራሪስን ይዞ ወጣ። ምናልባት ለብዙ ኢትዮጵያውያን የአገራቸው አራዊት ከቤተ ክርስቲያን ውጪ በሥዕል የተገለጹበት የመጀመሪያው ወረቀት ይህ ሳይሆን አይቀርም። የታተመው ግን በስዊስ አገር፣ በበርን ከተማ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። በፓሪስ የተማሩት አገኘሁ እንግዳ፣ በቺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በዘይት ቀለም፣ በጥላና በርቀት ሕግ ሠሩ፤ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ከመላው አገሪቱ የመጡ ወጣቶችን አስተናገደ። አፈወርቅ ተክሌ በአንኮበር ተወልደው እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ለዚህ መጽሔት አንባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሙያችን አንድ መሐንዲስ አጥቶ አገሪቱ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለ ቀለም የመስተዋት ሥራ አገኘች። ይሁንና የእነዚህ ሰዎች ሥራ በአመዛኙ የአገርን ሁሉ፣ እንዲያውም የአህጉርን መልክ የሚፈልግ ነው። የአፈወርቅ እናት ኢትዮጵያ የአንድ ቀበሌ ሴት አይደለችም። ዋና ከተማው ትልቁን ሥዕል ይጠይቃል፤ ትልቁም ሥዕል ትንሹን ወንዝ ያልፈዋል።

አንድ ሠዓሊ በተወለደበት አገር ተቀምጦ ያንኑ አገር ሲሥል ዕድሜውን ሊፈጽም እንደሚችል በግልጽ ያሳዩት ለማ ጉያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1928 በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተወለዱ፤ የአየር ኃይል ባልደረባም ነበሩ። ቢሾፍቱ ለሠዓሊ የታደለ ቦታ ነው። በጥንት የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተቦረቦሩት ጉድጓዶች ውሃ ሞልተው ሆራ አርሰዲ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱና ሌሎችም ሐይቆች ሆነዋል፤ በመስከረም መጨረሻ ገደማ ሕዝቡ ለኢሬቻ በዓል እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ የሚወርደው ወደ ሆራ አርሰዲ ዳር ነው። ለማ ጉያ አዲስ አበባ ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት እየጠራቻቸው እዚያው በቢሾፍቱ ቤታቸውን የሥዕል ሙዚየም አደረጉት፤ ስሙንም በአፍሪካ ሰየሙት። ወጣቶችን አስተማሩ፤ ከቤተሰባቸውም ሠዓሊዎች ወጡ። የሣሏቸው ሽማግሌዎች፣ እናቶች፣ ገበሬዎችና ከብቶች ማንነታቸው የሚታወቅ፣ ሠዓሊው በየገበያው ሲያያቸው የኖሩ ይመስላሉ።

የለማ ሥራ ከሌላው የሚለየው ግን በሣሉበት ነገር ነው። ብዙዎቹ ሥዕሎቻቸው የተሠሩት በሸራ ላይ ሳይሆን በፍየል ቆዳ ላይ ነው። ነገሩ ለቱሪስት የተፈጠረ ብልሃት የሚመስለው ይኖራል። እንዲህ ያለው ግምት ታሪኩን አለማወቅ ነው። በዚህ አገር ቆዳ ነክሮ፣ በእንጨት ጠርዝ ላይ ወጥሮ፣ ፍቆና አለስልሶ መሥራት የብራና ፋቂዎች የረጅም ዘመን ሙያ ነው፤ የገሪማ ወፎችም ያረፉት በቆዳ ላይ ነው። የቆዳው ተፈጥሯዊ ቡናማና ነጣ ያለ መልክ ራሱ መደብ ይሆናል፤ ሠዓሊው የሰውን ፊት ከዚያ ውስጥ ያወጣዋል እንጂ ከላይ አይለጥፈውም። ከውጭ የሚመጣ ሸራ ባልነበረበት ወይም በተወደደበት ጊዜም ፍየል ከገበያ አይጠፋም። ጥቅሙ ይህ ሲሆን ጉዳትም አለው። ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይለቃል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ጠርዙ ከተፈታ ይጠቀለላል፤ ቀለሙም ከሥሩ የሚንቀሳቀሰውን መከተል ሲያቅተው ይሰነጠቃል። ክረምትና በጋ በሚፈራረቁበት በቢሾፍቱ እንዲህ ያለውን ስብስብ መጠበቅ የአየር ዝውውርን፣ የጣሪያን ፍሳሽና የግድግዳን እርጥበት የሚያውቅ ባለሙያ ይጠይቃል። ለማ ጉያ እ.ኤ.አ. በ2020 ዐርፈዋል፤ ቆዳው ግን መላላቱንና መኮማተሩን አላቆመም።

ከቢሾፍቱ ወደ ወለጋ ስንመለስ ልዩነቱ ይታያል። ለሠዓሊ የሚሆን ነገር ግን በወለጋ አልጠፋም። በነቀምቴ የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት አለ፤ የሌቃ ነቀምቴ ገዥዎች የሞረዳ በከሬና በኋላም ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት የልጃቸው የኩምሳ ዘመን የተወው ቅርስ ነው። በዚያው ከተማ የሚገኘው የወለጋ ሙዚየም የአካባቢውን ሕዝብ የኑሮና የባህል ዕቃ ሰብስቧል። በምዕራብ በኩል በዳቲ ወለል ጎሽና ጉማሬ አሉ። የባሕር ዳርቻ የለም ቢባል እንኳ መሐንዲስ ራሱ የፈጠረው የውሃ ዳርቻ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የፊንጫ ግድብ ሲጠናቀቅ የጮመን ረግረግና በዙሪያው ያለው ሰፊ የግጦሽ መሬት ከውሃ በታች ሆነ፤ ብዙ ቤተሰብም ከቦታው ተነሣ። ፊንጫ ለአገሪቱ የሰጠው ኃይል የሚናቅ አይደለም፤ ሙያችንም ሊኮራበት ይገባል። ነገር ግን በሐይቁ ዳር ተወልዶ ያደገ ወጣት አያቱ ከብት የጠበቁበትን ሜዳ ማየት ቢፈልግ መሐንዲሱ የሚያሳየው ሜዳው ስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደነበረ ነው። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የሚዘጋጀው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ዛሬ ዕፅዋትንና አራዊትን በስም ይዘረዝራል፤ ይህም ትልቅ እርምጃ ነው። ዝርዝር ግን ሥዕል አይደለም፤ ባሉጋኒ የኮሶን ቅጠል ሲቆጥር ያየው ነገር ከሠንጠረዥ ውስጥ አይገኝም።

የአንገርና የዴዴሳ ውሃ በዓባይ በኩል አልፎ ጉባ ላይ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ መያዝ በሚችለው በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ይገባል፤ ግድቡም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በገባሮቹ ላይ ገና የሚጠኑ የመስኖና የመንገድ ሥራዎች አሉ። የጥናት ቡድን በቆላ ድንኳን ሲተክል አንድ ሠዓሊ አብሮት ቢሰፍር የሚጨምረው ወጪ የአንድ ሰው ስንቅ፣ የመኝታ ቦታና የጥቂት ሜትር ሸራ ነው። በአንገር ሸለቆ ለዚህ የሚመቸው ወቅት ክረምቱ እንደወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ነው። ከዚያ በኋላ ሣሩ ይቃጠላል፤ ጭሱም ማዶውን ይሸፍነዋል።