የአራዳ ወርቅ ሚዛንና የኢብኑ ፈሉስ ሠንጠረዥ

ዛሬ የፒያሳ ወርቅ ቤቶች ሚዛን በባትሪ ይሠራል። እኛ ግን ለአፍታ ወደ ድሮው ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን እንመለስ። የ1፣ የ2፣ የ4፣ የ8 እና የ16 ግራም አምስት መመዘኛዎች ብቻ ቢኖሩን እስከ ስንት ግራም መመዘን እንችላለን? ከ1 እስከ 31 ያለውን በሙሉ፣ አንድም ሳይዘለን። 31 ደግሞ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም።

በሁለት መመዘኛ 3፣ በሦስት 7፣ በሰባት 127 እንደርሳለን፤ ሁሉም ብቸኛ ናቸው። የመመዘኛዎቹ ብዛት ብቸኛ ቁጥር ከሆነ ድምሩም ሁሌ ብቸኛ ይሆናል ብሎ ለመደምደም የሚቸኩል ሰው ግን በ11 መመዘኛ ይወድቃል። ድምሩ 2047 ነው፤ እሱም 23 ሲባዛ በ89 ነው።

ድምሩ ብቸኛ በሆነ ጊዜ በትልቁ መመዘኛ ብናባዛው «ምሉዕ» የሚባል ቁጥር ይወጣል። 4 በ7 ሲባዛ 28 ነው፤ 28ን የሚያካፍሉት 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩም መልሰው 28 ይሆናሉ። ይህን ያረጋገጠው ግሪካዊው ኤውክሊድ ነው። የባስራው ኢብኑ አል-ሀይሠም ደግሞ ተጋማሽ የሆነ ምሉዕ ቁጥር ሁሉ በዚህ መንገድ ብቻ እንደሚገኝ ለማሳየት ሞከረ። ማስረጃውን የሞላው ከ700 ዓመታት በኋላ የመጣው ስዊዘርላንዳዊው ኦይለር ነው።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን ኢብኑ ፈሉስ አሥር ምሉዕ ቁጥሮችን በሠንጠረዥ ዘረዘረ። ሰባተኛው 137,438,691,328 ነው። ከጀርባው ያለው ብቸኛ ቁጥር 524,287 ሲሆን፣ በእኛ ሚዛን ከ524 ኪሎ በላይ ወርቅ ማለት ነው! ጣሊያናዊው ካታልዲ ይህ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን እያካፈለ አጣርቶ ያሳተመው በ1603 እ.ኤ.አ. ነው።

«ወርቃማው ዘመን» እያልን የሊቃውንትን ስም በፖስተር መደርደር እንወዳለን፤ ሥራቸውን ግን ብዙም አንከፍትም። የኢብኑ ፈሉስን ሠንጠረዥ የከፈተ ሰው ሰባቱ ትክክል፣ ሦስቱ ስሕተት ሆነው ያገኛቸዋል። ሰባቱ አንድም ሳይዘለል የመጀመሪያዎቹ ሰባት መሆናቸው ያስደንቃል፤ ሦስቱን ደብቆ ማወደስ ግን እሱን ማክበር አይመስለንም።

ቀጥሎ 31 መመዘኛ እንደርድር፦ 2,147,483,647። ኦይለር በ1772 እ.ኤ.አ. ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ። ሁሉንም ቁጥር አልሞከረም፤ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ካለ ለ62 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበትና አብዛኛውን ሳይነካ ጣለው።

ይኸው ቁጥር ዛሬ በብዙ የቆዩ ኮምፒውተሮች ውስጥ አለ። ከ1970 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምረው ሰከንድ ሲቆጥሩ ጣሪያቸው እሱ ነው። ጣሪያው የሚሞላው በአዲስ አበባ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። እስከዚያ ያልታደሰ ማሽን በቀጣዩ ሰከንድ ቀኑን ወደ ታኅሣሥ 1894 ዓ.ም ይመልሰዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በዙፋን ላይ ወዳሉበት፣ ትልቁ ገበያም ገና አራዳ ወደነበረበት ዘመን።