የሜዳ ቴኒስን ለጀማሪዎች ማስተማር

የሜዳ ቴኒስን ለጀማሪዎች ማስተማር ራኬት ይዞ የማያውቅን ሰው ኳስ ወደ መቀባበልና ነጥብ ቆጥሮ ወደ መጫወት የሚያደርስ የስፖርት ሥነ ትምህርት ዘርፍ ነው። ጨዋታው በአማርኛ «የሜዳ ቴኒስ» የሚባለው ከጠረጴዛ ቴኒስ ለመለየት ነው። ለጀማሪ ዋናው እንቅፋት የኳሱ ፍጥነትና የሜዳው ስፋት ስለሆነ ዘመናዊው አሠራር ኳሱን፣ ሜዳውንና ራኬቱን ከተማሪው አቅም ጋር በማስተካከል ይጀምራል። ይህ አሠራር የቴኒስ ሜዳ በሌላቸው ትምህርት ቤቶችም ትምህርቱን ለመስጠት ያስችላል።

ሁለት የማስተማሪያ መንገዶች

የቆየው መንገድ ቴክኒክን ያስቀድማል። ተማሪዎች በመስመር ቆመው የራኬት አያያዝን፣ የእግር አቋቋምንና የክንድ እንቅስቃሴን በተናጠል ይለማመዳሉ። ጨዋታ የሚፈቀድላቸው ምቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው። የዚህ መንገድ ጥቅም እንቅስቃሴውን ከመጀመሪያው በትክክል ማስያዙ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ተማሪው ብዙ ሰዓት ተራ ሲጠብቅ መዋሉና የሚማረው ምት በጨዋታ ውስጥ መቼና ለምን እንደሚያስፈልግ አለማወቁ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ጨዋታን ያስቀድማል። በእንግሊዝ አገር በላፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዴቪድ ባንከርና ሮድ ቶርፕ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጡት ጽሑፍ ተማሪው መጀመሪያ ቀለል ያለ ጨዋታ ተጫውቶ የጨዋታውን ዓላማ እንዲረዳ፣ ከዚያ ምን ማድረግ እንዳለበት እንዲወስን፣ በመጨረሻም ውሳኔውን የሚፈጽምበትን ቴክኒክ እንዲማር ሐሳብ አቅርበዋል። ለምሳሌ ተጋጣሚው ወደ መረቡ ሲጠጋ ኳሷን ከላዩ አሳልፎ መምታት እንደሚያዋጣ በጨዋታ ያየ ልጅ ከፍ ያለ ምት እንዴት እንደሚመታ ራሱ ይጠይቃል።

ይህም መንገድ የራሱ ችግር አለው። ኳስ መመለስ ያልቻሉ ሁለት ጀማሪዎች በሙሉ ሜዳ ላይ ቢቆሙ ጨዋታው በአንድ ምት ያልቃል፤ ቀሪው ጊዜ ኳስ በመልቀም ይጠፋል። ጨዋታን ለማስቀደም መጀመሪያ ጨዋታው መቀጠል የሚችልበት ሁኔታ መፈጠር አለበት።

ኳስንና ሜዳን ማስተካከል

ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2007 ጀማሪዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰርቭ እያደረጉ፣ ኳስ እየተቀባበሉና ነጥብ እየቆጠሩ እንዲማሩ የሚያበረታታ ዘመቻ ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2012 ጀምሮም ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች በሚዘጋጁ ውድድሮች የተለመደው ቢጫ ኳስ እንዳይሠራበት በጨዋታው ሕግ ውስጥ አስገባ። በምትኩ የሚያገለግሉት ሦስት ደረጃዎች ናቸው።

• ቀይ ደረጃ፦ ኳሱ ከቢጫው 75 በመቶ ያህል የዘገየ ነው። ሜዳው ከ11 እስከ 12.8 ሜትር ርዝመትና ከ4.3 እስከ 6.1 ሜትር ወርድ ይኖረዋል። የመረቡ ከፍታ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 8 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ይመደባል።
• ብርቱካናማ ደረጃ፦ ኳሱ 50 በመቶ ያህል የዘገየ ነው። ሜዳው 18 ሜትር ገደማ ርዝመትና ከ6.1 እስከ 8.23 ሜትር ወርድ አለው። ከ8 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች ይስማማል።
• አረንጓዴ ደረጃ፦ ኳሱ 25 በመቶ ያህል የዘገየ ነው። ጨዋታው በሙሉ ሜዳ ይካሄዳል፤ የሙሉ ሜዳው ርዝመት 23.77 ሜትር፣ ለነጠላ ጨዋታ ወርዱ 8.23 ሜትር ነው።

ዕድሜው መመሪያ እንጂ ግዴታ አይደለም። ራኬት ይዞ የማያውቅ ወጣት ወይም ጎልማሳም ከቀይ ወይም ከብርቱካናማ ኳስ ቢጀምር ቶሎ ይለምዳል። ራኬቱም ከቁመት ጋር መመጣጠን አለበት። የአዋቂ ራኬት 68 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲረዝም ለትንንሽ ልጆች ከ43 እስከ 58 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ይመረጣል።

የደጋ አየር ተጽዕኖ

ኳስን ማዘግየት በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ተጨማሪ ምክንያት አለው። አዲስ አበባ፣ አምቦና በአምቦ–ነቀምት መንገድ ላይ የምትገኘው ጌዶ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብለው የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ኳስን የሚገታው ኃይል ይቀንሳል። በውስጧ የታመቀ አየር ያላት ኳስ ደግሞ የውጭው ግፊት ስለሚያንስ ይበልጥ ትነጥራለች። ስለዚህ በዳር አገር ጀማሪ ወገቡ ላይ የሚያገኛት ኳስ በደጋ ትከሻው ላይ ልትደርስ ትችላለች።

የጨዋታው ሕግም ይህን ልዩነት ያውቃል። የተለመደ ኳስ ከ254 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሲለቀቅ ከ135 እስከ 147 ሴንቲ ሜትር መንጠር አለበት። ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚገኙ ቦታዎች ግን ሕጉ የተለዩ ኳሶችን ይፈቅዳል። አንደኛው ዓይነት ከ122 እስከ 135 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚነጥር ነው። ሌላው የታመቀ አየር የሌለው ሲሆን በሚጫወቱበት ከፍታ ቢያንስ 60 ቀን እንዲቆይ ይጠይቃል።

ለትምህርት ቤት የሚጠቅመው ነገር ግልጽ ነው። አርጅታ አየሯ የቀነሰ ኳስ ለውድድር ባትሆንም ዝቅ ብላ ስለምትነጥር ለጀማሪ ትመቻለች። ክለቦች የሚጥሏቸው ኳሶች በደጋ ከተሞች ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች ጥሩ መማሪያ ናቸው።

በመረብ ኳስ ሜዳ ላይ ማስተማር

በኢትዮጵያ የቴኒስ ሜዳዎች በአብዛኛው የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው። እንደ ጌዶ ባሉ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሚያስተምር የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሊያገኝ የሚችለው ሜዳ የእግር ኳስ ወይም የመረብ ኳስ ሜዳ ነው። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 ሜትር በ9 ሜትር ስለሆነ ርዝመቱ ከብርቱካናማው የቴኒስ ሜዳ ጋር ይገጥማል። በሁለቱም ጎን አንድ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መስመር ማስመርና መረቡን ወይም ገመዱን ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ ማሰር ይበቃል።

ለቀይ ደረጃ ገመዱ የሜዳውን ርዝመት ተከትሎ በመሐል ይዘረጋል። እያንዳንዳቸው 5 ሜትር ወርድ ያላቸው ሦስት ትንንሽ ሜዳዎች ጎን ለጎን ይሰመራሉ። የእነዚህ ርዝመት 11 ሜትር ስለሆነ ከመረብ ኳሱ ሜዳ በሁለቱም በኩል አንድ ሜትር ይወጣሉ። ሁለት ለሁለት ሲጫወቱ 12 ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ይሳተፋሉ። መስመሩን በኖራ ወይም በአመድ ማስመር ይቻላል።

መሬቱ ደረቅና የተደለደለ ካልሆነ ኳስ በትክክል አትነጥርም። በዋልካ አፈር ላይ በክረምት ማስተማር ስለማይመች ትምህርቱን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ማድረግ ይሻላል።

የትምህርቱ ቅደም ተከተል

1. ከኳስ ጋር መላመድ። ተማሪው ኳስ ይወረውራል፣ አንዴ ነጥራ ሲቀልባት ይለማመዳል፣ በእጁ መዳፍ ይመታታል። በዚህ ደረጃ ራኬት አያስፈልግም።

2. ራኬት መያዝ። ከጣውላ የተቆረጠ አጭር መምቻም ያገለግላል። ተማሪው ኳስ በራኬት ላይ ያመጣጥናል፣ ወደ መሬት ያነጥራል፣ ከዚያ ለጓደኛው በዝግታ ይሰጣል።

3. ቅብብል። ሁለት ተማሪዎች እንደ ተጋጣሚ ሳይሆን እንደ አጋር ኳሷ ሳትቋረጥ ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ ይቆጥራሉ። አሜሪካዊው ቲሞቲ ጋልዌይ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ተማሪው ኳሷ ስትነጥርና ስትመታ አንዳንድ ቃል ጮክ ብሎ እንዲናገር ይመክራል። ይህም ዓይንን ከኳሷ ላይ እንዳይነቀል ያደርጋል፤ ተማሪውንም ስለ ክንዱ አቀማመጥ ከመጨነቅ ያሳርፈዋል። በጌዶና በአካባቢዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ኳሷ ስትነጥር «ቶኮ»፣ ስትመታ «ለማ» ማስባል፣ ማለትም አንድና ሁለት ማስቆጠር፣ ለልጆቹ ይቀላል።

4. ሰርቭ። ሕጉ ኳስን ከታች ወደ ላይ መትቶ መጀመርን ስለሚፈቅድ ጀማሪ በዚህ ይጀምራል። ከራስ በላይ የሚመታው ሰርቭ ቀጥሎ ይመጣል። እንቅስቃሴው ድንጋይ አርቆ ከመወርወር ጋር ስለሚመሳሰል መወርወር የለመደ ልጅ ቶሎ ይይዘዋል። በዱላ ኳስ የሚመታበትን የገና ጨዋታ፣ በኦሮምኛ ቂሌ የሚባለውን የሚያውቅ ልጅም የሚንቀሳቀስ ኳስ የመምታት ልምድ ይዞ ይመጣል።

5. ነጥብ መቁጠር። 15፣ 30፣ 40 የሚለው አቆጣጠር ለጀማሪ ግር ስለሚል መጀመሪያ ከ1 እስከ 7 መቁጠር ይመረጣል።

ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል

በአንድ ክፍል 48 ተማሪዎችና ጥቂት ራኬቶች ብቻ ሲኖሩ ትልቁ ፈተና ተራ ጠባቂዎችን ማሳነስ ነው። ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹን በ12 በ12 ከፍሎ በአራት ቦታ ማሰማራት ይቻላል። አንዱ ቡድን በትንንሾቹ ሜዳዎች ይጫወታል፣ ሁለተኛው ኳስ ከግድግዳ ጋር ይመታል፣ ሦስተኛው በመዳፍ ይቀባበላል፣ አራተኛው በካልሲ ኳስ ከራስ በላይ መወርወርን ይለማመዳል። በየ7 ደቂቃው ቦታ ሲቀያየሩ ሁሉም ወደ ሜዳው ይገባል፤ ለማሟሟቂያና ለማጠቃለያም 12 ደቂቃ ይተርፋል።

በዚህ ዓይነት ክፍል የመጀመሪያው ጥንቃቄ የርቀት ነው። ራኬት የሚያወዛውዙ ተማሪዎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ መራራቅ አለባቸው፤ ግራኝ ተማሪ ካለ ጀርባው ወደ ጓደኛው እንዳይዞር አቋቋሙ ይታሰብበታል። እግር ሥር የቀረች ኳስ ቁርጭምጭሚት ስለምትጎዳ ጨዋታው ከመቀጠሉ በፊት ትነሳለች።

ምዘና

ጀማሪን በምቱ ውበት መመዘን ብዙዎችን ያስቀራል። ቀለል ያለው መለኪያ የቅብብሉ ቁጥር ነው። ለምሳሌ በመጀመሪያው ሳምንት 3 ጊዜ ያመላለሱ ጥንዶች በአራተኛው ሳምንት 10 ቢደርሱ ለውጣቸው በግልጽ ይታያል። ኳሷን ያለ ችግር በተደጋጋሚ የሚያመላልስ ተማሪ ወደሚቀጥለው ኳስና ሜዳ ይሸጋገራል፤ ከተቸገረም ያለ እፍረት ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

በኢትዮጵያ

በአዲስ አበባ ታሪኩና ደስታ ተስፋዬ የተባሉ ወንድማማች አሠልጣኞች ያቋቋሙት ድርጅት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ልጆች የቴኒስ ሥልጠናን ከትምህርት ድጋፍ ጋር አጣምሮ በመስጠት ይታወቃል። ከዋና ከተማው ውጭ ትምህርቱን ለማዳረስ ቅርቡ መንገድ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ነው። ለዚህም አንድ ገመድ፣ ኖራ፣ ያረጁ ኳሶችና የጣውላ መምቻዎች ለመነሻ ይበቃሉ። ሙሉ ሜዳና ቢጫ ኳስ የሚያስፈልጉት ተማሪዎቹ አረንጓዴውን ደረጃ ከጨረሱ በኋላ ነው።