የነጆ ቀይ አፈርና የካሊፎርኒያ ሚዛን

የ2010 ዓ.ም. ክረምት ሲታወስ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የእስረኞች መፈታት፣ የአሥመራ መንገድ መከፈትና በየአደባባዩ የነበረው ደስታ ነው። በዚያው ሰኔ ወር መንግሥት ለዓመታት ዘግቷቸው የነበሩ 264 ድረ ገጾችን መክፈቱን አስታውቆ ነበር። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ መጦመሪያ ገጾች ጭምር በአገር ውስጥ እንዳይታዩ ሲታገዱ የኖረ አንባቢ ዜናውን በእልልታ ተቀበለው፤ መቀበልም ይገባው ነበር።

ከስድስት ሳምንታት በኋላ፣ ሐምሌ 25 ቀን፣ በሌላ አገር ሌላ በር ተንቀሳቀሰ። ጉግል የተባለው ኩባንያ የፍለጋ ውጤቶችን ቅደም ተከተል የሚወስንበትን ቀመር በሰፊው ለወጠ። ለውጡ ከሁሉ አብልጦ የነካው የጤና ድረ ገጾችን ስለነበር የዘርፉ ታዛቢዎች «ሜዲክ» የሚል ስም አወጡለት። እልልታም ተቃውሞም አልተሰማም፤ በእኛ አገር ጋዜጦችም ወሬው ስለመኖሩ ትዝ አይለኝም። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግን ይህ ነው፦ በነቀምቴ ወይም በጊምቢ ተቀምጦ ስለ ጤና በራሱ ጊዜና በራሱ ወጪ ለሚጽፍ ሰው፣ ከሰኔው ይልቅ የሐምሌው ውሳኔ ሥር ሳይሰድ አልቀረም።

ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያሻል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲቋቋም መሠረቱ አንድ ቀላል ሐሳብ ነበር፦ ብዙ ሌሎች ገጾች የሚጠቁሙት ገጽ ከማይጠቆመው ይበልጣል። እኛ መምህራን አንድ ጥናት በሌሎች ጥናቶች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ እየቆጠርን ክብር እንደምንሰጠው ማለት ነው። (ይህ ልማዳችን ስንቱን ደካማ ጥናት እንዳገነነ ለጊዜው ይቆየን።) ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ደጋግሞ ተስተካክሏል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 የመጣው «ፓንዳ» የተባለው ለውጥ ብቻውን በአሜሪካ ከሚደረጉት ፍለጋዎች 12 በመቶ ያህሉን እንደነካ ኩባንያው ራሱ ተናግሯል።

ጤናን በተመለከተ የተጨመረው መሥፈርት ለብቻው መታየት አለበት። ኩባንያው ለገጽ መዛኞቹ ባዘጋጀው መመሪያ ውስጥ «ገንዘብህ ወይም ሕይወትህ» የሚባል ምድብ አለ፤ የሰውን ኪስ ወይም ጤና ሊጎዳ የሚችል ጽሑፍ ሁሉ ከዚያ ይገባል። በዚህ ምድብ የወደቀ ገጽ በሙያ ችሎታ፣ በተሰሚነትና በታማኝነት ይመዘናል። መዛኞቹ በቀጥታ ገጽ አይጥሉም፣ አያነሡም፤ ቀመሩ በትክክል መሥራቱ የሚፈተሸው ግን በእነርሱ ዓይን ነው። ከለውጦቹ በኋላ ለወደቁት የተሰጠው ምክርም ልዩ ማስተካከያ እንደሌለ፣ ጥሩ ጽሑፍ ማዘጋጀታቸውን እንዲቀጥሉ የሚል ነበር። ይግባኝ የሚባልበት ችሎት የለም።

ኩባንያው ያለ ምክንያት አልተነሣም። ካንሰርን በቅጠል እፈውሳለሁ የሚል፣ ክትባትን የሚያጥላላ፣ ፍርሃትን በብልቃጥ እየቸረቸረ የሚከብር ሰው በዓለም ሁሉ ሞልቷል፤ እኛም ዘንድ አልጠፋም። ከዚህ ወገን ብዙ አንባቢ የነበራቸው ታላላቅ ስሞች በ2010ሩና እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 በተደረገው ለውጥ ከፍለጋው ገጽ ተንሸራትተው ወርደዋል፤ ይህ ጸሐፊ በእነርሱ አያዝንም። ጥያቄው በዚያው ወንፊት አብሮ የሚያልፈውና የማያልፈው ማን ነው የሚለው ነው።

ከወለጋ አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በነቀምቴ፣ በነጆና በጊምቢ ገበያ የቆመ ሰው እግሩ ያበጠ፣ ቆዳው የሻከረ፣ ከሰው ራቅ ብሎ የሚቀመጥ ገበሬ ማየቱ አይቀርም። በሽታውን ዝሆኔ እንለዋለን። በዓለም ላይ ስለ ዝሆኔ ከተጻፈው አብዛኛው የሚያወራው በትንኝ ንክሻ ስለሚተላለፍ ጥገኛ ትል ነው፤ ይኸኛው ዓይነት ዝቅ ባለው በጋምቤላ ቆላ አለ። የወለጋ ደጋና ወይና ደጋ ዝሆኔ ግን በአብዛኛው ሌላ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ፣ ትንኝም ትልም የሌለበት በሽታ ነው። ይህን አጥብቆ ካጠኑት አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን፣ የበሽታውንና የአፈሩን ዝምድና ካሳየባቸው ቦታዎች አንዷ ይህችው ወለጋ ነበረች፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ችላ ከተባሉ የሐሩር በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። በኋላ የተደረገ የአገር አቀፍ ካርታ ሥራ በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሠቃይ ገምቷል።

መከላከያው ጫማ ነው። ለታመመውም እግርን በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ማለዘቢያ ቅባት መቀባት፣ እብጠቱን በፋሻ መያዝ፣ ሳያቋርጡ መጫማት ነው። ይህን የሚያውቀው ከሁሉ ቀድሞ በየጤና ጣቢያው ያለ ጤና መኮንንና ነርስ ነው። እንግዲህ ከእነዚህ አንዱ ማታ ማታ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ቢጽፈው ምን ይገጥመዋል? የሚጠቁመው ዩኒቨርሲቲ የለም፤ ስሙን የሚጠራ ጋዜጣ የለም፤ ገጹን የሚያያይዝለት ሆስፒታል የለም። በተሰሚነት ሚዛን ላይ ላባ ነው። በአንጻሩ ሩቅ ባለ ታላቅ ሆስፒታል ስም የወጣ፣ ስለ ትንኝና ስለ አጎበር የሚያስረዳ ገጽ በሚዛኑ ከባድ ነው። ያ ገጽ ውሸት አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ሌላ አገር በሽታ ነው። የነጆው ገበሬ ልጅ አንብቦ ለአባቱ አጎበር ይገዛል።

የቋንቋው ጉዳይ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። በእኛ ፊደል «ሕክምና» እና «ህክምና»፣ «ፀረ» እና «ጸረ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለመኪና ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንድ እንደሆኑ እስኪነገረው ድረስ። ኦሮምኛው የባሰ ታሪክ አለው፦ አናሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተሙት መጽሐፍ ቅዱስ በግእዝ ፊደል ነው፤ የዛሬው ወጣት የሚያነበው በቁቤ ነው። ጉግል በትርጉም አገልግሎቱ አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016፣ ኦሮምኛን በ2022 ነው። ሚዛኑ በጤና ላይ በጠበቀበት በ2010 ክረምት፣ ከአገሪቱ ቋንቋዎች ሁሉ በአፍ መፍቻነት ብዙ ተናጋሪ ያለው ቋንቋ ገና በዚያ ዝርዝር አልነበረም።

አናሲሞስን ካነሣሁ አይቀር፣ ወለጋ «ማን ይናገር?» ለሚለው ክርክር እንግዳ አይደለችም። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ ገብተው በሕዝቡ ቋንቋ ማስተማር ሲጀምሩ ክስ ቀረበባቸው፤ ጉዳያቸው እስከ ጳጳሱና እስከ ምኒልክ ደረሰ፤ ተመልሰው በነቀምቴ እንዲኖሩ፣ ነገር ግን እንዳይሰብኩ ተወሰነ። ከዓመታት በኋላ በልጅ ኢያሱ ጊዜ ፈቃድ አገኙ። በጤናም ታሪኩ ተመሳሳይ መንገድ ይዟል። በ1911 ዓ.ም. የሕዳር በሽታ አገሩን ሲያጭድ (ዛሬም ሕዳር 12 ቀን ቆሻሻ እናጥናለን) በዚያው ሰሞን በአካባቢው ገዥ ግብዣ ከሱዳን ተሻግሮ ደምቢ ዶሎ፣ የያኔዋ ሳዮ፣ የደረሰው አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ ነበር። ከዚያም በነቀምቴ የስዊድኖች፣ በአይራ የጀርመኖች ሕክምና ተተከለ። የሐኪሙን ቃል ያጸናው በመጀመሪያ የገዥው ፈቃድ፣ ቀጥሎም የዳነው በሽተኛ ወደ መንደሩ ተመልሶ የሚናገረው ነበር። ሁለተኛው ምስክርነት፣ የዳነው ሰው ወሬ፣ በካሊፎርኒያው ሚዛን ላይ የሚቆጠርበት መንገድ የለውም።

ተሰሚነት ያለው ተቋም ሁልጊዜ እውነቱን ይናገራል የሚል ካለ 2012 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በዚያ ዓመት የገና ሰሞን በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በአጎራባች ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። መጋቢት 4 ቀን በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ሲነገር መስመሩ እንደተዘጋ ነበር፤ የተለቀቀው፣ ከልዩ ልዩ ወገን ጩኸት ከበዛ በኋላ፣ በዚያው ወር ማብቂያ ገደማ ነው። የቀረው አገር 8335 ደውሎ ሲጠይቅ የደምቢ ዶሎ እናት የምትደውልበት አልነበራትም። በእነዚያው ቀናት፣ መጋቢት 18፣ ሁለት የመንግሥት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ከባህል መድኃኒት የተቀመመ የኮሮና መድኃኒት መሠረታዊውን ምርምር አልፏል ብለው አስታወቁ። በኋላ ለሕክምና የዋለ ነገር አልወጣም። በተሰሚነት ብቻ ለሚመዝን ቀመር ግን ከሚኒስቴር የበለጠ ምን ተሰሚ አለ? «ቆዩ፣ በሰው ላይ ገና አልተሞከረም» ብሎ የጻፈ ግለሰብ ቢኖር ከሥር ተቀብሮ ይገኝ ነበር።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ከሦስቱ መሥፈርቶች ላይ አራተኛ ጨምሯል፦ የጸሐፊው የራሱ የሕይወት ልምድ። በወረቀት ላይ ይህ የነርሱና የጤና መኮንኑ ድል ይመስላል። ብዙም ሳይቆይ በመስከረም 2023 እና በመጋቢት 2024 በተከታታይ የመጡት ለውጦች ግን ብዙ ትንንሽ ነጻ ድረ ገጾችን ይዘው እንደወረዱ ባለቤቶቻቸው ተናገሩ። ከግንቦት 2024 ወዲህ ደግሞ በአሜሪካ ተጀምሮ የተስፋፋ ሌላ ነገር መጣ፤ ጠያቂው ወደ ማንም ገጽ ሳይሄድ መልሱን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጠቃሎ ከላይ ያገኘዋል። አጠቃላዩ መልሱን የሚለቅመው ከተጻፈው ነው። ስለ ወለጋ ቀይ አፈር የተጻፈው ደግሞ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ፣ በሕክምና መጽሔት ውስጥ ነው።

ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምቴ ከተከፈተ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ሊሞሉት ነው፤ የሕክምና ትምህርትም ይሰጣል። የዩኒቨርሲቲው ገጽ፣ የጤና ቢሮው ገጽ፣ የሆስፒታሉ ገጽ በአገሩ ቋንቋ በትክክል የሚጽፉትን እየመረመረ ቢጠቁም ወጪው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ካሊፎርኒያን ማስፈቀድ አያስፈልግም፤ ሚዛኑ የሚቆጥረው ይህንኑ ጥቆማ ነው። እስካሁን ግን በእነዚህ ገጾች ላይ ከሁሉ ቀድሞ ዓይን የሚገባው የስብሰባ ፎቶግራፍ ነው።