በቁጥር ብቻ የተጻፉ ማስፈንጠሪያዎች፦ አንድ አድራሻ በብዙ መልክ

በኢንተርኔት ላይ ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ የሚገናኙት አይፒ አድራሻ በተባለ ቁጥር ነው። አድራሻው በተለመደው አጻጻፍ ከ0 እስከ 255 ባሉ አራት ቁጥሮች በነጥብ ተለያይቶ ይጻፋል። ማንኛውም ኮምፒዩተር ራሱን የሚጠራበት 127.0.0.1 ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ይኸው አድራሻ በሌላ መልክም ሊጻፍ መቻሉ ግን ብዙም አይታወቅም።

ኮምፒዩተሩ አድራሻውን የሚይዘው እንደ አንድ ባለ 32 ቢት ቁጥር ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር በ16,777,216፣ ሁለተኛውን በ65,536፣ ሦስተኛውን በ256 አባዝቶ ከአራተኛው ጋር የደመረ ሰው 2130706433 ያገኛል። ይህ ቁጥር በማስፈንጠሪያ ውስጥ ሲገባ ዘመናዊ ብሮውዘሮች 127.0.0.1 ብለው ያነቡታል። 127.1 ተብሎ ማሳጠርም፣ በ8 መሠረት 0177.0.0.1 ብሎ መጻፍም ይቻላል፤ በ16 መሠረት የሚጻፈው ደግሞ ፊደልም ይቀላቀልበታል። ነገሩ የግዕዙ ፻፳፯ እና 127 አንድ ቁጥር ከመሆናቸው የተለየ አይደለም።

አሳሳቢው ጉዳይ አጻጻፉ ለማታለያ መዋሉ ነው። አጭበርባሪው በማስፈንጠሪያው መጀመሪያ ላይ የታመነ ተቋም ስም ያስቀምጥና የ@ ምልክት አስከትሎ ረጅሙን ቁጥር ይጽፋል። ብሮውዘሩ ከምልክቱ በፊት ያለውን እንደ ተጠቃሚ ስም ቆጥሮ የሚሄደው ወደ ቁጥሩ ነው። ማይክሮሶፍት ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2004 ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አስወግዶታል። ዘዴው ግን አልጠፋም፤ ኢሞቴት የተሰኘው ጎጂ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ በ8 እና በ16 መሠረት የተጻፉ አድራሻዎችን ተጠቅሟል።

ጉዳዩ ከአሶሳ የራቀ አይደለም። በ1990ዎቹ የተጀመረው የወረዳኔት ፕሮግራም ክልሎችንና ወረዳዎችን ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በመረብ ለማስተሳሰር የተዘረጋ ሲሆን፣ ዛሬ ደብዳቤና ሪፖርት በኢሜይልና በቴሌግራም መላላክ የዕለት ተዕለት ሥራ ሆኗል። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች የቃጡትን የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን ገልጾ፣ ዓላማው ከህዳሴ ግድብ ሙሌት ጋር የተያያዘ መሆኑን ማስታወቁ ይታወሳል። ግድቡ የሚገኘው በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ጉባ ወረዳ ነው።

የአገራችን የመንግሥት ድረ ገጾች ስም በዶት ገቭ ዶት ኢቲ ያበቃል። በዚህ ስም ምትክ ቁጥር ብቻ የያዘ ማስፈንጠሪያ ከውጭ ሲደርስ የይለፍ ቃል ከማስገባት በፊት ላኪውን በስልክ መጠየቅ ይገባል። ቁጥር ሁሉ ግን ተንኮል አይደለም፤ የመሥሪያ ቤት የውስጥ መሣሪያዎች እንደ 10.0.0.1 ባሉ አድራሻዎች ይከፈታሉ።

የመረብ ባለሙያዎችን የሚመለከት ሌላም ነገር አለ። መዝገቡ እንዲስተካከል ተብሎ 10.0.0.10ን 10.0.0.010 ብሎ መጻፍ ጉዳት የሌለው ይመስላል። ይሁንና ብሮውዘሮች መሪውን ዜሮ የ8 መሠረት ምልክት አድርገው ስለሚወስዱት የሚሄዱት ወደ 10.0.0.8 ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች ደግሞ 10 ብለው ያነቡታል፤ ሌሎቹ ጭራሹን አይቀበሉትም።