የተጠመዘዘ ሐዲድ
ብረት፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1864

የአቮንዴል እስቴትስ ከተማ የተቆረቆረችው በ1924 ነው። በከተማዋ በኩል የሚያልፈው የባቡር መስመር ግን ቀድሟት፣ ከ1845 ጀምሮ አትላንታን ከኦገስታ ያገናኝ ነበር። በዝርጋታው በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ለፍተውበታል፤ ይህን ሳያስቡ ብረቱን ማየት አይገባም።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ወገን ጄኔራል ሸርማን ሠራዊት አትላንታን ለመያዝ ሲገሰግስ፣ ከስቶን ማውንቴን እስከ ዲኬተር ያለውን መስመር አፈረሰ። ወታደሮቹ የእንጨት አግዳሚዎቹን ከምረው አነደዱ፤ ሐዲዱን ከላይ አጋደሙ፤ መሃሉ ፍም ሲመስል ጫፍና ጫፉን ይዘው ጠመዘዙት።

የጎበጠ ብረት ዳግም ግሎ እንደሚቃና ማንኛውም ቀጥቃጭ ያውቃል። ሸርማንም ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ ማጉበጡ ብቻ ስለማይበቃ፣ ሐዲዱ እንደ ገመድ እንዲከርር አዘዘ። እንዲህ የከረረ ሐዲድ ፋብሪካ ገብቶ እንደ አዲስ ካልተዳመጠ ባቡር አይሸከምም። የደቡቡ ወገን ደግሞ እንዲህ ያለ ፋብሪካ የነበረው በጣት የሚቆጠር ነው። አንዱ አትላንታ ውስጥ ነበር፤ እሱም ሴፕቴምበር 1 ሌሊት፣ ከተማዋን ለቆ የሚወጣው የደቡቡ ጄኔራል ሁድ ሠራዊት የራሱን የጥይት ባቡር ሲያፈነዳ አብሮ ወደመ።

መስመሩ ከጦርነቱ በኋላ ተጠግኗል። ዛሬም የጭነት ባቡር ይሄድበታል፤ የአትላንታ የሕዝብ ማመላለሻ የሆነው የማርታ ባቡርም በጎኑ ያልፋል።