የኸሩብ ፍሬና የወርቅ ሚዛን

በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ፣ በጋው ረዥምና ደረቅ በሆነበት ድንጋያማ አገር፣ ዐረቦች ኸሩብ የሚሉት ዛፍ በዱር ይበቅላል። ወገኑ ከባቄላና ከአተር ነው። ቡናማው ቆባው ጣፋጭ ስለ ሆነ ሰውም ከብትም ይበላዋል፤ በውስጡ ያሉት ፍሬዎች ግን እንደ ጠጠር የጠነከሩ ናቸው።

ግሪኮች ቆባውን ስለ ቅርጹ «ኬራቲዮን»፣ ማለት ትንሽ ቀንድ፣ ብለው ጠሩት። በግሪክኛው የሉቃስ ወንጌል፣ በምዕራፍ 15፣ ጠፍቶ የተገኘው ልጅ ተርቦ የተመኘው የእሪያዎች ምግብ በዚሁ ስም ተጽፏል። ይኸው የድኻ መብል ስም ደግሞ የወርቅ መመዘኛ ሆነ። ዐረቦች ቂራጥ፣ ኢጣሊያኖች ካራቶ አሉት፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ወርቅ ቤቶች የምንሰማው ካራት ከዚህ የመጣ ነው።

ሮማውያን ይህንኑ መመዘኛ በላቲን «ሲሊኳ» ይሉት ነበር። ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሶሊዱስ የተባለውን የወርቅ ገንዘብ ባወጣ ጊዜ፣ ከአንድ የሮማ ሊብራ 72 ሶሊዱስ ተቀረጸ። አንዱ ሶሊዱስ 24 ሲሊኳ ስለሚመዝን አንዱ ሊብራ 1,728 ሲሊኳ ሆነ። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት መባሉም ከዚህ አከፋፈል ጋራ የተያያዘ ነው።

የኸሩብ ፍሬ ለሚዛን የተመረጠው ፍሬዎቹ ሁሉ በክብደት እኩል ስለ ሆኑ ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት የኸሩብ ፍሬ ክብደት እንደ ሌሎች ዕፀዋት ዘር ሁሉ የሚለያይ መሆኑን አሳይቷል። ታዲያ ሚዛኑ እንዴት ታመነ?

በመጀመሪያ፣ ሰው በዓይኑ እጅግ ትልቁንና እጅግ ትንሹን እየለየ ቢጥል፣ የቀሩት ፍሬዎች በክብደት ይቀራረባሉ። ዋናው ምክንያት ግን ሕግ ይመስለኛል። 1,728 ማለት 12 በ12፣ እንደ ገና በ12 ሲባዛ የሚገኝ ቁጥር ነው፤ እንዲህ ያለውን የተስተካከለ ቁጥር የሒሳብ ሰው ያወጣዋል እንጂ ከዛፍ አይለቀምም።

የኋለኛውም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። ካራት ከከተማ ወደ ከተማ ይለያይ ነበር፤ በለንደን ከ0.205 ግራም ሲያልፍ በፍሎሬንስ 0.2 ግራም አይሞላም ነበር። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1907 የመንግሥታት መልእክተኞች በተሰበሰቡበት የሚዛንና የልክ ጉባኤ 0.2 ግራም እንዲሆን ተወሰነ። በዚህ ሁሉ ዘመን ዛፉ ያው ዛፍ ነበር። የተለያየውም በኋላም የተስማማው የሰዎች ሕግ ነው።